ግንቤ ተሰነጠቀ፤ ብሎኬት ከመደርደሩ በፊት ውሃ ይጠጣል ወይስ አይጠጣም?

ጀማሪው

ሰላም ለሁላችሁ። ግንበኛ አይደለሁም፣ ሙያዬም ሌላ ነው። ከቤቴ ጀርባ ያለውን አሮጌ የጡብ አጥር ማስረዘም ፈልጌ ነበር። 12 ሜትር ርዝመት፣ እስከ ደረት የሚደርስ ከፍታ፣ ባለ 20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት። ከወንድሜ ጋር ሆነን ሠራነው። ቱንቢውም ውሃ ልኩም አላሳፈሩንም፤ ሲያልቅ ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ሁለት ወር ሳይሞላው ተሰነጠቀ። አንዱ ስንጥቅ መሃል አካባቢ ነው። ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ብሎኬቶቹን ራሳቸውን ለሁለት ይከፍላቸዋል። ሁለተኛው አዲሱ ብሎኬት ከአሮጌው ጡብ ጋር የተገናኘበት ቦታ ላይ ነው። መሠረቱ አርማታ ነው፤ ቆፍሬ አይቼዋለሁ፣ አልሰመጠም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ብሎኬቶቹን በርሜል ውስጥ እየነከርን በደንብ አጠጥተናቸዋል። ስለዚህ "አላጠጣህም" እንዳትሉኝ።

አካፋ

ሲሚንቶ አንሶት ነው። አንድ ሲሚንቶ ለሦስት አሸዋ አቡካው፣ ከዚያ ይሰነጠቅ እንደሆነ እናያለን።

ጀማሪው

አንድ ለሦስት ነው ያቦካነው ወንድሜ። "ጠንከር ይበል" ብለን።

አካፋ

እንግዲህ ዝም ልበል።

ቱንቢ

ልጄ፣ አይዞህ። ማጠጣትህ ስህተት አይደለም። እኔ ከ30 ዓመት በላይ ግንብ ላይ ነኝ፤ ደረቅ ጡብ ሞርታር ላይ፣ ማለትም የሲሚንቶና የአሸዋው ቡኮ ላይ፣ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን እጄ ያውቀዋል። ማንኪያህን ሳታስቀምጥ የሞርታሩን ውሃ ምጥጥ ያደርገዋል። ከዚያ ጡቡን ላስተካክለው ብለህ ነካ ስታደርገው ከሥሩ ያለው ደርቋል፤ እንደ አመድ ይፈረፈራል። እኛ ገና ረዳት ሳለን "ጡቡን አጠጣው" እየተባልን ነው ያደግነው። ባልዲ ውስጥ ይገባል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ አረፋው ሲያቆም ይወጣል፣ ላዩ እስኪጠፈጠፍ ይቆያል፣ ከዚያ ይደረደራል።

ስለዚህ ችግሩን ሌላ ቦታ ፈልገው።

ፎርማ

ጋሼ ቱንቢ፣ እጅዎ ይባረክ። ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የተናገሩት በሙሉ ስለ ጡብ ነው። ልጁ የደረደረው ብሎኬት ነው። ሁለቱ ግንብ ላይ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ዘመዳሞች ይመስሉናል እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው።

እኔ ብሎኬት በማምረት ነው የምተዳደረው። ብሎኬት ማለት ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር እና ጥቂት ውሃ ነው። ውሃ ስታጠጣው በትንሹ ያብጣል። ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራል። በአንድ ሜትር ርዝመት ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም፣ በዓይን አይታይም። ግን በርሜል ውስጥ ነክረህ፣ አብጦ እያለ በሞርታር አስረህ፣ 12 ሜትር ሙሉ አንድ ላይ ስታያይዘው፣ መድረቁና መኮማተሩ ግንቡ ላይ እያለ ይሆናል። ሁሉም ወደ ራሱ ይጎትታል። የሚለቅለት ሲያጣ ይቀደዳል።

ጡብ ሲጠጣ ጥሩ ነው። ብሎኬት ግን ደርቆ ነው መደርደር ያለበት።

ቱንቢ

ብሎኬትም ደርድሬ አውቃለሁ እኮ። ሁሌም አርሰን ነው የምንደረድረው። ግንቦቹም እስካሁን ቆመዋል።

ፎርማ

ቆመዋል ጋሼ፣ አልካድኩም። ግን ልስን ተለስነው፣ በየሦስትና አራት ሜትሩ አምድ ገብቶላቸው አይደለም? አምድና አምድ መካከል ያለ አጭር ግንብ ብዙ የሚጎትተው የለም። የተሰነጠቀውንም ልስኑ ይሸፍነዋል።

ጠያቂዋ

ይቅርታ፣ እኔ ግራ ገባኝ። ባለፈው ሌላ ቦታ ላይ "ብሎኬት ለሰባት ቀን ውሃ ካልጠጣ ዋጋ የለውም" ብለህ ጽፈህ ነበር ፎርማ። አሁን ደግሞ "አይጠጣ" ትላለህ። የቱን እንመን?

ፎርማ

ሁለቱንም እመኚ እህቴ። ጉዳዩ ውሃው መቼ እንደሚሰጥ ነው። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ለብሎኬት የሚቦካው ኮንክሪት ለአርማታ እንደሚቦካው አይደለም። ደረቅ ነው። እኔ የምለካው በእጄ ነው። አንድ እፍኝ አንስቼ ጭብጥ አደርገዋለሁ። እጄን ስከፍተው ቅርፁን ይዞ መቆየት አለበት፣ መዳፌን ግን ማራስ የለበትም። ከተበተነ ውሃ አንሶታል። መዳፌ ላይ ውሃ ከቀረ በዝቶበታል። ይህንን ካበላሸሽ ማሽኑ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን አያድንሽም።

ከዚያ ፎርማው ውስጥ ይገባል፤ ማሽኑ ከላይ ይጫነዋል፣ ከሥር ደግሞ ያንቀጠቅጠዋል። ጥቂት ሰኮንድ ነው። ፎርማው ወዲያው ይነሳል፣ ብሎኬቱ በራሱ እግር ይቆማል። ድብልቁ ያን ያህል ደረቅ የሆነው ለዚህ ነው። ውሃ የበዛበት ፎርማው ሲነሳ ወገቡ ይጎብጣል፣ ሆዱ ይወጣል። ውሃ ያነሰው ደግሞ ቆሞ ይታያል፣ ግን ጥርሱ ይረግፋል፤ ጠርዙን በአውራ ጣት ስታሺው እንደ አሸዋ ይፈሳል።

ቀጥሎ ያለው ሳምንት ነው ዋናው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ስለሚደርቅ አይደለም፣ ከውሃው ጋር ስለሚዋሃድ ነው። ውሃውን ፀሐይና ነፋስ ከወሰዱት ሥራው መሃል ላይ ይቆማል። ስለዚህ ለአንድ ቀን ያህል ጥላ ሥር ሳይነካ ይቀመጣል፣ ከዚያ ቢያንስ ለሰባት ቀን ውሃ እየጠጣ፣ ሸራ እየለበሰ ይቆያል። ያ ውሃ ሲሚንቶው የሚበላው ውሃ ነው።

ከዚያ በኋላ ውሃው ይቆማል። ብሎኬቱ እየደረቀ 28 ቀኑን ይጠብቃል። ያኔ መኮማተሩን አብዛኛውን ግቢ ውስጥ ክምር ላይ እያለ ይጨርሳል፤ ክምር ላይ ቢኮማተር ማንንም አይጎዳም። ልጁ በርሜል ውስጥ ሲነክረው ይህንን ሁሉ ወደ ኋላ መለሰው ማለት ነው።

ለመሆኑ ጀማሪው፣ ብሎኬቶቹን ስትገዛ ስንት ቀን ሆኗቸው ነበር?

ጀማሪው

አልጠየቅሁም። ግን ሲያራግፉልን ቀለማቸው ጠቆር ያለ ነበር፣ ስነካቸውም ይቀዘቅዙ ነበር። ሻጩ "ትናንት የወጡ አይደሉም፣ አትስጋ" አለኝ። ምናልባት አምስት ቀን?

ፎርማ

በቃ፣ እዚህ ጋ ነው ነገሩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

እቶን

ሰላም። በወጣትነቴ ጡብ ፋብሪካ ውስጥ እቶን ላይ ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ ብሎኬቱን ለፎርማ ትቼ ስለ ጡቡ ልናገር። ጋሼ ቱንቢ ያሉትና ፎርማ ያለው የት ላይ እንደሚገናኙ ያሳያል።

ጡብ ከሸክላ አፈር ነው። አፈሩ ይፈጫል፣ ከውሃ ጋር ይቦካል፣ በእጅ ፎርማ ወይም በማሽን ይቀረፃል። ማሽኑ ጭቃውን በአፉ በኩል እንደ ረጅም አራት ማዕዘን ዱላ እየገፋ ያወጣዋል፤ ከፊቱ የተወጠሩ ሽቦዎች እኩል እኩል ይቆርጡታል። ያ ጥሬ ጡብ ነው። ቀጥታ እሳት ውስጥ ብትከተው ውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ሲደርቅ ይቀንሳል፤ እንደ አፈሩ ከ100 ሚሊ ሜትር አምስትም አሥርም ሚሊ ሜትር ይጠፋል። ፎርማው ከሚፈለገው ጡብ ከፍ ብሎ የሚሠራው ለዚህ ነው። አንዱ ጎኑ ከሌላው ፈጥኖ ከደረቀ ይጣመማል። እኛ ጥሬ ጡቡን ጠዋትና ማታ እናገላብጥ ነበር።

ከዚያ እሳት። ጡብ የሚበስለው ከ900 እስከ 1100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ግን ሙቀቱ ብቻ አይደለም ነገሩ፤ አወጣጡና አወራረዱ ነው። አፈሩ ውስጥ ያለው አሸዋ 573 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ድንገት መጠኑን ይለውጣል። ስትወጣም ስትወርድም በዚያች በር ማለፍህ አይቀርም። አንድ ጊዜ አለቃችን ትዕዛዝ በዝቶበት "ክፈቱት፣ ይቀዝቅዝ" አለን። እቶኑ ገና ፍም ነበር። ከፈትነው። ቀዝቃዛው አየር ሲገባ ከውስጥ ቀጫጭን የመሰንጠቅ ድምፅ መጣ፤ ቀስ እያለ፣ ከዚያም ከዚህም። ጡቦቹ ሲወጡ ውጫቸው ጤነኛ ነበር። አንዱን በሌላው ስትመታው ግን "ቅል" ይላል። በደንብ የበሰለና ያልተሰነጠቀ ጡብ "ቅል" አይልም፣ እንደ ደወል ነው የሚጮኸው። ያን ቀን የምድጃው ግማሽ ያህል ተጣለ።

አሁን ወደ ነገራችን። ጡብ ከእቶን ሲወጣ አንዲት ጠብታ ውሃ የለበትም። በዕድሜው ሁሉ ትንሽ የሚሆነው በዚያች ሰዓት ነው። ከዚያ ከአየር እርጥበት እየወሰደ ቀስ ብሎ ያድጋል። ብዙው ዕድገት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ነው፣ ትንሽ ትንሹ ግን ለዓመታት ይቀጥላል። አይመለስም ደግሞ። ትኩስ ጡብ ከእቶን ወደ ግንብ አይሄድም የምንለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ጡብ ያድጋል፣ ብሎኬት ይኮማተራል። ሁለቱን በአንድ ግንብ ውስጥ ጥርስ ለጥርስ አያይዘህ ስትሠራ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ነው።

ጠያቂዋ

እቶን፣ ይህን ያህል ጡብ ያወቀ ሰው ካገኘሁ ልጠይቅ። ቤታችን ጡቦች ላይ ከዝናብ በኋላ ክብ ክብ ቅርፊት ይወልቃል፤ የወለቀበት መሃል ላይ ነጭ ነጥብ አለ። ነፍሳት ናቸው ወይ?

እቶን

ነፍሳት አይደሉም፣ ኖራ ነው። አፈሩ ውስጥ የኖራ ድንጋይ ፍርፋሪ ነበረበት፤ ሳይፈጭ አለፈ። እሳቱ ውስጥ ተቃጥሎ ጥሬ ኖራ ሆነ። ዝናብ ሲያገኘው ውሃ ጠጣ፣ አበጠ፣ ከላዩ ያለውን ቅርፊት ገፍቶ ጣለው። የጡቡ በሽታ ከአፈሩ ጋር ነው የመጣው። ጥቂት ከሆኑ ለውበት ካልሆነ አያሳስብሽም።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ አለ፤ ግንቡ ላይ እንደ ዱቄት የሚበተን ነጭ ነገር። እሱ ጨው ነው። ውሃው ከውስጥ ይዞት ይወጣል፣ ውሃው ሲተን ጨው ላይ ላዩን ይቀራል። በደረቅ ብሩሽ ጥረጊው። በውሃ ካጠብሽው መልሶ ይገባና በሌላ ቀን ይወጣል።

ቆፋሪው

ከርዕስ ልወጣ ነው፣ አስቀድሜ ይቅርታ። እቶን ስለ እሳት ሲያወራ አላስቻለኝም።

የጥንቶቹ የኢንደስ ሸለቆ ከተሞች፣ ሞሄንጆ ዳሮና ሐራፓ፣ ከአራት ሺህ ዓመት በፊት የተተኮሰ ጡብ ነበራቸው። ከፍታው 1፣ ስፋቱ 2፣ ርዝመቱ 4፤ ይህ ምጣኔ በተለያዩ ከተሞቻቸው እየተደጋገመ ይገኛል። ሜሶጶጣሚያ ውስጥ ደግሞ ጡብን በሬንጅ ያያይዙ ነበር። ውሃ አያስገባማ!

በኋላ ዘመን ደግሞ ፍሬድሪክ ሆፍማን የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1858 የቀለበት እቶን በስሙ አስመዘገበ። ድሮ እቶን ይሞላል፣ ይነዳል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይራገፋል፤ ሙቀቱ ሁሉ ለሰማይ ነው። የሆፍማን እቶን ግን ክብ ነው፣ ክፍል ክፍል አለው። ጡቡ ባለበት ይቆማል፣ እሳቱ ከክፍል ወደ ክፍል ይዞራል። ከፊት ያለውን ጥሬ ጡብ ጭሱ ያሞቀዋል፤ ከኋላ ያለው የበሰለ ጡብ ደግሞ ለእሳቱ የሚገባውን አየር ያሞቀዋል፣ እሱም በዚያው ይቀዘቅዛል። ዛሬ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች የሚሠሩበት የዋሻ እቶን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ እሳቱ ይቆማል፣ ጡቡ በጋሪ ይጓዛል።

አካፋ

ቆፋሪው፣ የልጁ ግንብ ተሰንጥቆ አንተ ሜሶጶጣሚያ ገባህ።

ቆፋሪው

አንድ ብቻ ጨምሬ እወጣለሁ። ቺካጎ ውስጥ ሞናድኖክ የሚባል ሕንፃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1891 ያለቀው የሰሜኑ ክፍል 16 ፎቅ ነው፣ የውጭ ግድግዳው ሸክሙን የሚሸከመው በጡብ ነው። ከታች የግድግዳው ውፍረት 1.8 ሜትር ይደርሳል። መስኮት ሳይሆን ዋሻ ነው የሚመስለው። በዚያው ዘመን ግን ሰው ብረት አፅም እየሠራ ጡቡን ልብስ ማድረግ ጀምሮ ነበር። ወጣሁ።

ሚዛን

ሰላም። ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ጀማሪው ፎቶ ባይለጥፍም በቃል የገለጸው ይበቃል። ስንጥቁ ራሱ እየተናገረ ነው።

መሃል ላይ ያለው ስንጥቅ ብሎኬቶቹን ራሳቸውን ከፍሏል አልክ። መጋጠሚያውን እየተከተለ እንደ ደረጃ ቢወርድ ኖሮ መሠረቱን እጠረጥር ነበር። ቀጥ ብሎ፣ ብሎኬት እየሰነጠቀ ሲወርድ ግን ጎትቶ የቀደደው ነገር አለ ማለት ነው። ሞርታሩ ደግሞ ከብሎኬቱ ጠንክሯል።

"ጠንከር ይበል" ብላችሁ አንድ ለሦስት ያቦካችሁት እዚህ ላይ ነው የጎዳችሁ። ሞርታር ሙጫ አይደለም፤ ፍራሽ ነው ብላችሁ አስቡት። ሁልጊዜ ከሚያያይዘው ድንጋይ፣ ጡብ ወይም ብሎኬት ትንሽ ደከም ማለት አለበት። ግንቡ ሲንቀሳቀስ ስንጥቁ መጋጠሚያዎቹ ላይ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ይበታተናል፤ ብዙውን ጊዜ አይታይም፣ ቢታይም ይደፈናል። ሞርታሩ ከጠነከረ ግን እንቅስቃሴው ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ብሎኬቱን ይሰብራል። ለዚህ ዓይነት ግንብ አንድ ለአምስት ወይም አንድ ለስድስት በቂ ነው። ኖራ ካገኛችሁ አንድ ሲሚንቶ፣ አንድ ኖራ፣ ስድስት አሸዋ ይበልጥ ደስ ይለኛል፤ ኖራው ውሃውን ይይዘዋል፣ ማንኪያ ላይም ይለሰልሳል።

አሁን ሒሳቡ። ፎርማ የሰጠውን ይዤ በሜትር 0.4 ሚሊ ሜትር ልበል። 12 ሜትር ሲባዛ በ0.4፣ 4.8 ሚሊ ሜትር። ግንብህ ወደ አምስት ሚሊ ሜትር ማጠር ፈለገ። መሠረቱ አርማታ ነው፣ አይለቀውም። ጫፉ ከአሮጌው ጡብ ጋር ታስሯል። የቀረው መሰንጠቅ ብቻ ነው። ፌሮ (የአርማታ ብረት) ለሌለው የብሎኬት ግንብ በየስድስት ሜትሩ አካባቢ ከላይ እስከ ታች የሚሄድ ክፍተት ይተዋል። ሳይት ላይ ኤክስፓንሽን ጆይንት፣ የመስፋት ክፍተት እንደማለት፣ እንለዋለን፤ ለብሎኬት ሲሆን ግን የሚጠብቀው መኮማተርን ነው፣ ስሙ አሳሳች ነው። ለጡብ ራቅ ይላል፣ አሥር አሥራ ሁለት ሜትር ድረስ።

የአንተ ስንጥቅ ከጫፉ በስንት ሜትር ላይ ነው?

ጀማሪው

አሁን ወጥቼ ለካሁት። 5 ሜትር ከ80።

ሚዛን

አየህ? አንተ ያልተውክለትን ግንቡ ራሱ ወሰደ።

አካፋ

ይህቺ ሴትዮ አስማተኛ ናት።

ቱንቢ

እኔም አነበብኩ። የሞርታሩ ነገር ልክ ነው፤ እኛም "ሲሚንቶ ማብዛት የፈሪ ሥራ ነው" እንላለን። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ልጆቼ። ቀትር ላይ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ሆና ነፋስ ሲነፍስ፣ ብሎኬቱ ግሎ እጅ ያቃጥላል። በዚያ ላይ ሞርታር ስትዘረጉ ምን ታደርጋላችሁ? መጽሐፉ ደረቅ አድርጋችሁ ደርድሩ ስላለ ዝም ትላላችሁ?

ሚዛን

ጥሩ ጥያቄ ነው ጋሼ፣ መልሱም እርስዎ ጋ እንዳለ አውቃለሁ። የጋለ ብሎኬት ላይ እኔም ውሃ አርከፈክፋለሁ። ግን የሚያርፍበትን ፊቱን ብቻ፣ በብሩሽ ወይም በእጅ፣ እንዲቀዘቅዝ ያህል። መንከር ሌላ፣ ፊቱን ማርጠብ ሌላ። ከዚያ በተረፈ ክምሩን ጥላ ውስጥ ማድረግ፣ ሞርታሩን በአንዴ ረጅም አለመዘርጋት፣ ሁለትና ሦስት ብሎኬት የሚበቃውን ብቻ።

ለጡብም ቢሆን ሁሉም ጡብ ውሃ አይፈልግም። ሳይት ላይ የምናደርገው ሙከራ አለ። ጡቡ ላይ 25 ሚሊ ሜትር የሚሆን ክብ በእርሳስ ይሣላል፣ በውስጡ 20 ጠብታ ውሃ ይንጠባጠብበታል፣ ሰዓት ይያዛል። አንድ ደቂቃ ተኩል ሳይሞላ ከመጠጠው ውሃ ያስፈልገዋል። ከቆየ አያስፈልገውም። ውሃ የጠገበ ጡብ ደግሞ ሞርታሩ ላይ ይንሸራተታል፣ አይዝም።

ቱንቢ

ይህንን አላውቅም ነበር። እኛ በምላሳችን ነበር የምናየው። ጡቡን በምላስ ነካ ስታደርገው ከያዘህ ውሃ ይፈልጋል። አትሳቁ።

እቶን

አልሳቅሁም ጋሼ። እኛም ፋብሪካ ውስጥ እንደዚያው ነበር።

ጠያቂዋ

ብሎኬት ለምን ክፍት ሆድ አለው? ቁጠባ ብቻ ነው?

ፎርማ

ቁጠባም አለበት፣ ግን ብቻውን አይደለም። ድፍን ባለ 20 ብሎኬት አንስተሽ ብታውቂ አትጠይቂም ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ወገብ አይኖርም። ክፍቱ ውስጥ ደግሞ ፌሮ አቁመሽ ኮንክሪት መሙላት ትችያለሽ፤ ያን ጊዜ ግንቡ ውስጥ አምድ ተሠራ ማለት ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ባለበት ቦታ ይህ ምርጫ አይደለም፣ ግዴታ ነው። ዝም ብሎ የተደረደረ ግንብ ከላይ የሚመጣውን ሸክም ይችላል፣ ከጎን የሚገፋውን አይችልም።

አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ልጨምር። ብሎኬት ላይና ታች አለው። ፎርማው እንዲወጣ ሲባል ክፍቱ በአንድ በኩል ይጠባል፤ በዚያ በኩል ግድግዳው ወፈር ይላል። ወፍራሙ ወደ ላይ ነው የሚሆነው፣ ሞርታሩ የሚቀመጥበት ሰፊ ቦታ እንዲያገኝ።

ጀማሪው

እኔ እንደመጣልኝ ነው የደረደርኩት። ግማሹ ተገልብጧል ማለት ነው።

ፎርማ

ለዚያ አይሰነጠቅም፣ አትጨነቅ። ጡብ ላይም ጉድጓድ ያለበትን ገልብጠው የሚደረድሩ ሞልተዋል። ጉድጓዱ ወደ ላይ ነው፣ በሞርታር እንዲሞላ።

ጀማሪው

እሺ፣ ጥፋቴን አመንኩ። ትኩስ ብሎኬት፣ በርሜል፣ አንድ ለሦስት፣ ክፍተት የለም፣ ከጡብ ጋር ታስሯል። አንድም የቀረኝ የለም። አሁን ምን ላድርግ? ላፍርሰው?

ሚዛን

አታፍርስ። ከፍታው እስከ ደረት ነው፣ መሠረቱም ጤነኛ ነው። ሁለት ሜትር ቢሆን ኖሮ ግን ሌላ ነገር ነበር የምልህ፤ ያን ያህል ቁመት ያለው ብቻውን የቆመ ግንብ አምድ ወይም ፌሮ ከሌለው ነፋስ ይጥለዋል።

መጀመሪያ ጠብቅ። ስንጥቁ ላይ በሁለቱም ጫፍ በእርሳስ መስመር አድርግና ቀኑን ጻፍበት። ወርዱንም በሦስት ቦታ ለክተህ አጠገቡ ጻፍ። መስፋቱን ሲያቆም ግንቡ ደርቆ ጨርሷል ማለት ነው። ያን ጊዜ በግራይንደር ስንጥቁን ተከትለህ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ አሥር ሚሊ ሜትር ክፍተት ቁረጥ፣ በሁለቱም ፊት፣ ሙሉ በሙሉ እንዲለያይ። ጡቡ ጋ ያለውንም እንደዚያው። መነጽርና የአፍ መሸፈኛ አድርግ፤ የብሎኬት አቧራ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። ስትቆርጥ ውሃ የሚያፈስልህ ሰው ይኑር።

አካፋ

በመጨረሻ ብሎኬቱ ውሃ ጠጣ።

ጀማሪው

ስድስት ሳምንት ቆይቼ ተመለስኩ። የእርሳሱ ምልክት ላይ ያለው ቁጥር ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ትንሽ ትንሽ ጨመረ፣ ከዚያ ቆመ። ላለፉት ሦስት ሳምንታት ምንም ለውጥ የለም። ትናንት ወንድሜ ውሃ እያፈሰሰ ሁለቱንም ቦታ ቆረጥኩ። ጡቡ ጋ ስቆርጥ የመጨረሻዋ ሞርታር ስትለቅ ትንሽ "ጠቅ" አለች።

የቀረው መድፈን ነው። አሁን ውጭ ቆሜ ነው የምጽፈው። ሞርታር አቡክቻለሁ፣ በዚህ ጊዜ አንድ ለስድስት ነው። ክፍተቱን ሞልቼ ላለሰልሰው?

ቱንቢ

ልጄ! ማንኪያውን አስቀምጥ!

ሚዛን

ጋሼ ቀደሙኝ። በሞርታር ከሞላኸው ምን ቆረጥከው? መልሰህ አሰርከው ማለት ነው። እንደ ገመድ የሚጠቀለል ለስላሳ ፎም አለ፣ እሱን ወደ ውስጥ ጠቅጥቅ፤ ከላዩ ለውጭ ግንብ የሚሆን የሚለጠጥ ማሸጊያ ሙላበት። ፎሙ ማሸጊያው ወደ ኋላ እንዳይጣበቅ ያደርጋል፤ በግራና በቀኝ ብቻ ይዞ እንደ ላስቲክ ይሳባል።

ጀማሪው

እሺ። ሞርታሩን ምን ላድርገው?

ፎርማ

የተረፈ ብሎኬት አለህ?

ጀማሪው

ሰባት ቀርተዋል። በጋው ሙሉ ሸራ ሥር ናቸው፤ አሁን ቀለማቸው ነጣ ብሏል፣ ሲነኩም አይቀዘቅዙም።

ቱንቢ

ከበሩ አጠገብ መቀመጫ ሥራባቸው። ወፍራሙን ወደ ላይ አድርግ። ፊታቸውን ብቻ አርጥብ።